ከሜልቦርን እስከ ሊሙሩ፦ የብስክሌተኞቻችን ታሪክ



የአንድ ማኅበረሰብ ታሪክ ሲጻፍ በቅድሚያ የሚነሡት የመሪዎቹ ስም፣ የተከራየው ወይም የተሠራው ቤት፣ የተዋጣው ገንዘብና የተከበረው በዓል ናቸው። በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔት ላይም እነዚህ ሁሉ ተገቢ ቦታቸውን አግኝተዋል። እኛ ግን የምንጽፈው ስለ አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ ናይሮቢ ከምንኖር ኢትዮጵያውያን መካከል ቅዳሜ ማለዳ ብስክሌታችንን እየገፋን ከግቢያችን ስለምንወጣው ጥቂት ሰዎች። ከመካከላችን የሂሳብ ሠራተኛ፣ የመለዋወጫ ዕቃ ነጋዴ፣ ነርስ፣ አስተማሪና የምግብ ቤት ባለቤት አሉ። ዋንጫ ያመጣ የለም። ቢሆንም ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ የተነዳውን ርቀት፣ የፈጀውን ሰዓትና የመጡትን ሰዎች የምንመዘግብበት ደብተር አለን፤ ስለ ራሳችን የምንናገረው ሁሉ የተቀዳው ከዚያ ደብተር ነው።

ለመጻፍ ያነሣሣን የልጆቻችን ጥያቄ ነው። እዚህ ተወልደው ያደጉት ልጆች ኢትዮጵያዊ ስፖርተኛ ሲባል የሚታያቸው ሯጭ ብቻ ነው። ብስክሌት የፈረንጅ፣ ቢበዛም የጎረቤቶቻችን የኤርትራውያን ስፖርት ይመስላቸዋል። "እናንተ ደግሞ ይህን ከማን ተማራችሁት?" ይሉናል። መልሱ ከእኛ ዕድሜ ይበልጣል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስብልን እንጠይቃለን።

ከአገር ቤት የመጣ ውርስ

ኢትዮጵያ በኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳተፈችው በ1956 በአውስትራሊያዋ ሜልቦርን ከተማ ነው። ከላከቻቸው 12 ስፖርተኞች 8ቱ በአትሌቲክስ የተወዳደሩ ሲሆኑ 4ቱ ብስክሌተኞች ነበሩ። ይህም ማለት ባንዲራችን በኦሎምፒክ ሜዳ መጀመሪያ ሲውለበለብ ከሦስት ስፖርተኞቻችን አንዱ በብስክሌት ላይ ነበር ማለት ነው። እነ ገረመው ደንቦባና መስፍን ተስፋዬ የተሰለፉበት የጎዳና ውድድር ወደ 188 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሲሆን አሸናፊው ጣሊያናዊው ኤርኮሌ ባልዲኒ ነበር።

በ1960ው የሮም ኦሎምፒክም ብስክሌተኞቻችን ተሳትፈዋል። ነገር ግን አበበ ቢቂላ መስከረም 10 ቀን በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን ሲያሸንፍ የሕዝቡ ልብ ወደ ሩጫ ሄደ። ይህ የሚገርም አይደለም። ለመሮጥ እግርና መንገድ ይበቃል። ለብስክሌት ግን ጎማው፣ ካቴናው፣ ማርሹና ፍሬኑ ሁሉ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ መምጣት አለበት። ድሃ ገበሬ ልጁ ቢሮጥለት ይደሰታል፤ የውድድር ብስክሌት ግዛልኝ ቢለው ግን ከየት ያመጣል?

በዚያ ዘመን የብስክሌት ስፖርት ጠንክሮ የነበረው በአሥመራ ነው። ብስክሌትን እዚያ ያስለመዱት ጣሊያኖች ሲሆኑ ኤርትራን የሚዞረው ውድድር በ1946 ተጀመረ። ኤርትራ ከ1952 ጀምሮ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን፣ ከ1962 በኋላም በአንድ አስተዳደር ሥር ስለነበረች የአሥመራ ልጆች በኢትዮጵያ ስም በየኦሎምፒኩ ተሰልፈዋል። እስከ መለያየቱ ድረስ ያለው የሁለቱ አገሮች የብስክሌት ታሪክ አንዱን ከሌላው ለይቶ ሊጻፍ አይችልም። በ2015 ዳንኤል ተክለሃይማኖትና መርሃዊ ቁዱስ በፈረንሳይ ዙር ሲሳተፉ፣ ዳንኤልም ቀይ ነጠብጣብ ያለበትን የተራራ ወጪዎች ማሊያ ሲለብስ፣ ኋላም ቢንያም ግርማይ በ2024 በዚያው ውድድር ሦስት ጊዜ አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ሲወስድ እዚህ ናይሮቢ በአንድ ቴሌቪዥን ፊት ኢትዮጵያዊም ኤርትራዊም አብሮ ነው ያጨበጨበው።

ከኢትዮጵያም የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በ2016 የፈረንሳይን ዙር በመሳተፍ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። በ2024ቱ የፓሪስ ኦሎምፒክ ደግሞ ከትግራይ የወጣችው እየሩ ገብሩ በስደተኞች ቡድን ውስጥ ሆና በሴቶች የጎዳና ውድድር ተሰልፋለች። በስደት ለሚኖር ሰው የዚህች ልጅ ነገር ከሜዳልያ በላይ ይናገራል።

ከእነዚህ ስመ ጥሮች ሌላ ስማቸው ያልተጻፈ ብዙዎች አሉ። በባሕር ዳር፣ በሐዋሳ፣ በድሬዳዋና በመቀሌ ወደ ሥራና ወደ ገበያ በብስክሌት የሚሄደው ሰው ብዙ ነው። አዲስ አበባ ያደግን ደግሞ ሳይክል በደቂቃ እየተከራየን፣ ጊዜው ሳያልቅ አንድ ዙር ለመጨመር እየተጣደፍን ነው የተማርነው። የራሱ ብስክሌት የነበረው ከመካከላችን አንድ ሰው ብቻ ነው።

ናይሮቢ ላይ

ኢትዮጵያውያን በስደት ወደ ኬንያ መምጣት የጀመሩት ትናንት አይደለም። ከ1936ቱ የጣሊያን ወረራ በኋላ በኢሲዮሎና በታቬታ ካምፖች የቆዩ ወገኖቻችን ነበሩ። ከ1974ቱ አብዮትና ከ1991ዱ የመንግሥት ለውጥ በኋላም ብዙዎቻችን መጥተናል። ማናችንም ስንመጣ ብስክሌት ይዘን አልመጣንም። እዚህ ያገኘነው ግን የብስክሌት አገር ነው። ዛሬ ሞተር ብስክሌት የሆነው ቦዳቦዳ በ1960ዎቹ በኬንያና በኡጋንዳ ድንበር፣ ቡሲያ ላይ ሲጀመር ሰውን ከአንዱ ድንበር ወደ ሌላው የሚያሻግር ተራ ብስክሌት ነበር። ኬንያውያን "ብላክ ማምባ" የሚሉትን ከባድ ጥቁር ብስክሌት ወተትና ከሰል ጭኖ ዳገት ሲወጣ ያየ ሰው፣ ብስክሌት የቅንጦት ዕቃ ነው ብሎ አይከራከርም።

የፈረንሳይን ዙር አራት ጊዜ ያሸነፈው ክሪስ ፍሩም በ1985 የተወለደው እዚሁ ናይሮቢ ነው። ልጅ ሳለም ኪኩዩ አካባቢ ወጣቶችን ሰብስቦ የሚያሠለጥነው ኬንያዊው ዴቪድ ኪንጃ አብሮት እየነዳ አስተምሮታል። ይህን ስንሰማ ልባችን ሞላ። ለካ ትልቁም የተጀመረው በእነዚሁ መንገዶች ላይ ነው!

እኛ የተጀመርነው የቲካ አውራ ጎዳና በ2012 ተሠርቶ ካለቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። የደብተራችን የመጀመሪያ ገጽ እንዲህ ይላል፦ "አምስት ሰው። 14 ኪሎ ሜትር። 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ። አንድ ጎማ ተነፈሰ።" ከአምስቱ ብስክሌቶች አራቱ ከአውሮፓ የመጡ አሮጌዎች፣ እዚህ ሚቱምባ የሚባሉት ነበሩ።

የመጀመሪያው ትምህርት መንገዱን ማወቅ ሆነ። ኬንያ የሚነዳው በግራ ነው፤ እኛ የለመድነው ቀኝ ነው። ኢትዮጵያም እስከ 1964 ድረስ በግራ ስትነዳ ቆይታ ነው ወደ ቀኝ የዞረችው፤ እነ ገረመው ደንቦባ በአገራቸው ይለማመዱ የነበረው በግራ ነበር ማለት ነው። አንደኛው ጓደኛችን መስቀለኛ መንገድ በደረሰ ቁጥር "ቀኝ እይ!" እያለ ለራሱ በአማርኛ ይጮህ ነበር። የሰዓቱ ነገር ግን አላስቸገረንም። ስዋሂሊ ተናጋሪውም እንደ እኛው ሰዓት የሚቆጥረው ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ ስለሆነ፣ ከኬንያውያን ብስክሌተኞች ጋር በስዋሂሊ 12 ሰዓት ብለን ከተቀጣጠርን ሁላችንም ማለዳ እንገናኛለን።

ቀስ በቀስ

ሥልጠና የሚለው ቃል ለእኛ ይከብዳል። አሠልጣኝ የለንም። ሆኖም ደብተሩ ራሱ አሠልጥኖናል።

መጀመሪያ የተማርነው ኮርቻውን ማስተካከል ነው። ተረከዝን ፔዳሉ ላይ አድርገው ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግር ቀጥ ማለት አለበት። ከዚያ ያነሰ ከሆነ ጉልበት ይታመማል። ሁለተኛው ማርሽ ነው። ጀማሪ ከባዱን ማርሽ ይዞ በጉልበቱ ሊጨርሰው ይታገላል። ቀላሉን ማርሽ ይዞ በደቂቃ ከ80 እስከ 90 ጊዜ ማዞር ግን ጉልበቱን ያስተርፍለታል። ሦስተኛው ልክን ማወቅ ነው። አብዛኛው ጉዞ ከጎረቤት ብስክሌተኛ ጋር እያወሩ ሊነዱት የሚችሉት መሆን አለበት፤ ወሬው ከተቋረጠ ፍጥነቱ በዝቷል። ርቀትም ከሳምንት ወደ ሳምንት ከአንድ አሥረኛ በላይ ባንጨምር ሰውነት ይለምዳል። ልብም ጡንቻም የሚጠነክሩት ደግሞ ከድካም በኋላ በሚያርፉበት ጊዜ ስለሆነ ዕረፍትን እንደ ሥራ ቆጥረነዋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን የእኛን ተረት ስንነግራቸው፣ ኬንያውያን ጓደኞቻችን ጥድፊያ በረከት የለውም የሚለውን የእነርሱን ይመልሱልናል።

አራተኛውን ትምህርት አባቶቻችን ያውቁታል። በሜዳ መንገድ ላይ ፍጥነት ሲጨምር የብስክሌተኛው ዋነኛ ጠላት ነፋስ ነው። ከፊት ያለው ነፋሱን ሲቆርጥ ከኋላው የተጠጋው ብዙ ጉልበት ይተርፈዋል። ስለዚህ ተራ በተራ ከፊት እየወጣን እንነዳለን። አንደኛው ጓደኛችን ይህን ሲያይ "ይህማ ወንፈል ነው" አለ። ዛሬ ያንተን ማሳ፣ ነገ የእኔን። ከዚያ ቀን ወዲህ ከፊት የሚወጣበት ተራ የደረሰውን ሰው "ወንፈልህን ክፈል" እንለዋለን።

ምግብም አለ። ውድ የሆነውን የስፖርተኞች ምግብ ትተን አገር ቤት መንገደኛ ወደሚይዘው ወደ በሶ ተመለስን። በማር የታሸ የበሶ ጭብጦ፣ ሙዝና ቴምር ለሦስት ሰዓት ጉዞ ይበቃል። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙት ጓደኞቻችን በማለዳ አጭርና ቀላል ይነዳሉ። በረመዳን ደግሞ ሙስሊም ወንድሞቻችን ከማፍጠሪያ በፊት ባለችው አንድ ሰዓት ስለሚነዱ፣ እኛም አንዳንዴ ሰዓታችንን ለእነርሱ እናዛውራለን።

መለኪያችን ሊሙሩ ነው። ናይሮቢ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ገደማ ስትሆን ሊሙሩ ከ2,200 ሜትር በላይ ነው። መንገዱ በሩዋካና በባናና በኩል አድርጎ፣ ሻይ በኬንያ በ1903 መጀመሪያ በተተከለበት አገር ውስጥ እየዞረ ይወጣል። መለዋወጫ ዕቃ የሚነግደው ወንድማችን የመጀመሪያ ቀን ይህን ዳገት ለመውጣት 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ፈጅቶበታል፤ ሁለት ጊዜም ወርዶ ገፍቷል። ከስድስት ወር በኋላ 2 ሰዓት ከ5 ደቂቃ። ከሁለት ዓመት በኋላ 1 ሰዓት ከ35 ደቂቃ። ላይ ስንደርስ ብርዱ፣ ጭጋጉና ባሕር ዛፉ የአዲስ አበባን ክረምት ያስታውሰናል፤ ከፍታውም ከአዲስ አበባ ብዙ አያንስም። ብዙዎቻችን ለዓመታት አገራችንን ሳናይ ቆይተናል። ዳገቱን የምንወድበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ረጅሙ ጉዟችን የማጋዲ ነው። ከኪሴሪያን በላይ ካለው ኮርነር ባሪዲ፣ ማለትም ቀዝቃዛው ማዕዘን፣ ተነሥቶ መንገዱ ወደ ስምጥ ሸለቆው ይወርዳል፤ የሶዳው ሐይቅ ያለው ከባሕር ወለል 600 ሜትር ገደማ ላይ ነው። መውረዱ ደስታ ነው። ፀሐዩ ከጠነከረ በኋላ መመለሱ ግን ከ1,000 ሜትር በላይ ዳገት መውጣት ስለሆነ፣ አብዛኞቻችን የምንመለሰው በፒካፕ ነው። በብስክሌት የተመለሱት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ከእነርሱ አንዷ ነርሷ እኅታችን ናት።

የተከራከርንበት ቀን

ከሁሉ በላይ ከባዱን ገጽ ሳንጽፍ ብናልፍ ታሪኩ ጎዶሎ ይሆናል። አንድ ቅዳሜ ከሊሙሩ ስንመለስ አንድ ሚኒባስ ሊቀድም ሲል ያንን መለዋወጫ ዕቃ ነጋዴ ወንድማችንን ከኋላው ገጨው። የትከሻው አጥንትና ሁለት የጎድን አጥንቶቹ ተሰበሩ። የራስ ቁሩ ለሁለት ተሰንጥቋል፤ ጭንቅላቱ ግን በእግዚአብሔር ቸርነት ተርፏል። ማኅበሩ ለሕክምናው ገንዘብ አዋጣ፤ ሱቁንም ለሦስት ወር ጓደኞቹ ተራ ገብተው ጠበቁለት።

ከዚያ በኋላ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ነገሩ ተነሣ። ባለቤቱ ቆማ እንዲህ አለች፦ "አገራችን ቢሆን እናቱም እኅቱም ደርሰው ያስታምሙልኝ ነበር። እዚህ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ለስፖርት ብላችሁ ልጆቻችንን ያለ አባት አታስቀሩብን።" አዳራሹ ጸጥ አለ። ብዙ ሰው ብስክሌቱ ይቅር የሚል አሳብ ነበረው። በስደት ያለ ቤተሰብ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ የቆመ መሆኑን የማያውቅ በዚያ አልነበረም።

ከእኛ በዕድሜ የሚበልጡት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አባታችን ተነሡ። "ልጄ እውነትሽን ነው" አሉ። "መንገዱ አስፈሪ ነው። ነገር ግን የዕድሩን መዝገብ የያዛችሁ ሰዎች ንገሩን፤ በብስክሌት የቀበርነው አለ? በስኳርና በደም ግፊት፣ ከሱቅ ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ሶፋ ስንል የቀበርናቸውስ ስንት ናቸው? እኔ ሐኪም ተንቀሳቀስ ብሎኝ ነው የጀመርኩት። መተዉን ትተን እንዴት እንደምንነዳ እንነጋገር።"

ያን ቀን ሁለቱም ወገን ልክ ነበር፤ ስለዚህም ስብሰባው ረዘመ። በመጨረሻ የወጣው ደንብ ዛሬም ይሠራል። ብቻውን የሚነዳ የለም። በአውራ ጎዳና ላይ ጎን ለጎን አይነዳም። በቀንም ቢሆን የኋላ መብራት ይበራል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ መኪና ስለሚበዛ እስከዚያ ቤት መድረስ ግዴታ ነው፤ ለረጅም ጉዞ ከኋላ መኪና ይከተላል። የራስ ቁር የሌለው አይወጣም። እያንዳንዱም የቤተሰቡን ስልክና የደም ዓይነቱን በካርድ ጽፎ ይይዛል፤ ሲገባም ይደውላል። ደንቡን በጽሑፍ ያዘጋጀችው ያችው የተቃወመችው እኅታችን ናት። እኛ ብንጽፈው ኖሮ ይህን ያህል ጥብቅ ባልሆነ ነበር።

ወንድማችን ከአምስት ወር በኋላ ተመለሰ። ደብተሩ "10 ኪሎ ሜትር፣ ሜዳ" ይላል። ሊሙሩ የደረሰው ዓመት ከሞላ በኋላ በ1 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ነው። ወደ 1 ሰዓት ከ35ቱ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። እርሱ ስለዚህ ሲጠየቅ፣ አሁን ሻዩን አየው ጀመር ይላል።

ለልጆቻችን የምናወርሰው

ዛሬ ልጆቹን የምናስተምረው በካሩራ ደን ውስጥ ነው። ይህ በከተማው መካከል ያለ ደን ከመሬት ቀሚዎች የተረፈው በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኙት ዋንጋሪ ማታይና ባልደረቦቻቸው በ1990ዎቹ መጨረሻ ድብደባ ሳይቀር ችለው ስለታገሉለት ነው። መኪና የሌለበት መንገድ ላይ ልጅ ያለ ስጋት ይወድቃል፣ ይነሣል። ጎማ መለጠፍንም እዚያው ይማራሉ፤ ጎሚስታ በሌለበት የሚያድነው የገዛ እጅ ነውና።

በመስከረም 2025 የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና በኪጋሊ ሲደረግ በአፍሪካ ምድር የመጀመሪያው ነበር። የእኛን አካባቢ የመሰለ ዳገት፣ የእኛን የመሰለ ሕዝብ በመንገዱ ዳርና ዳር ቆሞ ልጆቻችን በቴሌቪዥን አይተዋል። ከእነርሱ መካከል አንድ ቀን እዚያ የሚሰለፍ ይኖር ይሆናል፤ ባይኖርም ግድ የለም። ለእኛ የሚበቃን፣ በ1956 ከሄዱት 12 ሰዎች 4ቱ ብስክሌተኞች እንደነበሩ ማወቃቸውና ከፊት የመውጣት ተራቸው ሲደርስ ነፋሱን ለሌላው መቁረጣቸው ነው።

ደብተሩ ሊሞላ ጥቂት ገጾች ቀርተውታል፤ ሁለተኛው ተገዝቷል። መምጣት የምትፈልጉ እናቶች፣ አባቶችና ወጣቶች ቅዳሜ በ12 ሰዓት እንጠብቃችኋለን። አሮጌም ብስክሌት ይሆናል፤ የራስ ቁር ግን አትርሱ። ለመላው የማኅበራችን ቤተሰብ መልካም የኢዮቤልዩ በዓል እንመኛለን።